የባንዲራ እያንዳንዱ ወገን ስም አለው

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ባንዲራ ሳያዩ መቶ ሜትር መሄድ ይከብዳል። ሲኖትራኩ ፊቱ ላይ አስሮ ያልፋል። ባጃጁ መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ተሰቅሏል፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሁለት ጎን ለጎን ቆመዋል። ጥር ሲገባ ደግሞ የሰፈሩ ወጣቶች ለጥምቀት ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ወጥረው መንገዱን በትንንሽ ጨርቅ ያለብሱታል።

ከእነዚህ መሃል አንዱ ጠማማ ሲሆን ዓይናችን ይነግረናል። የሆነ ነገር ልክ አይደለም እንላለን። ምኑ ጋ ነው ስንባል ግን ዝም ነው። ጨርቁን እንጂ የጨርቁን አካላት በስማቸው አናውቃቸውም። እኔ ደግሞ ስማቸውን ማወቅ ለሚሰፋውም፣ ለሚያዘውም፣ ለሚሰቅለውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን በቀላሉ ላስረዳ።

የባንዲራ ጥናት ቬክሲሎሎጂ ይባላል። ቃሉን የፈጠረው አሜሪካዊው ዊትኒ ስሚዝ ነው፤ ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። የወሰደው ቬክሲሉም ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ቬክሲሉም የሮማ ሠራዊት በጦር ዘንግ ላይ አግድም እንጨት አስሮ ያንጠለጥለው የነበረ ጨርቅ ነው። ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ባንዲራ ብቻ የሚጻፍበት መጽሔት ጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪሞት ድረስም ከዚህ ጉዳይ አልወጣም። የሚሠራባቸው ቃላት ግን ብዙዎቹ ከእሱ በፊት የነበሩ ናቸው። ገሚሱ ከመርከበኞች መጥቷል። ገሚሱ ደግሞ የአውሮፓ ባላባቶች በጋሻቸው ላይ ምልክት ያስሥሉበት ከነበረው ዘመን የተረፈ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለባቸው ሁለት ቃላት ሆይስት እና ፍላይ ናቸው። ሆይስት ከምሰሶው ጋር የሚታሰረው ወገን ነው። ፍላይ ደግሞ በነፋስ የሚርገበገበው፣ ከምሰሶው የራቀው ጫፍ ነው። በአማርኛ የምሰሶ ወገን እና የነፋስ ወገን ብንላቸው ማንም ይረዳናል። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እላቸዋለሁ።

ሁለቱ ወገኖች የሚሰፉትም በተለያየ መንገድ ነው። የምሰሶው ወገን ክብደት ይሸከማል። ስለዚህ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ይደረብበታል፣ ላይና ታችም ገመድ የሚያልፍባቸው የብረት ቀለበቶች ይገቡበታል። የነፋሱ ወገን ሌላ ጣጣ አለው። ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲገርፍ ይውላል። ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚተለተለው እሱ ነው፤ በተለይ ከላይና ከታች ካሉት ሁለት ማዕዘኖች ይጀምራል። ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ጀርባ ያለውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ይህን ጫፍ ሁለቴ አጥፎ ሦስት አራት ጊዜ በመኪና ይመላለስበታል። ባንዲራ ስትገዙ መጀመሪያ እዚያ ጋ ተመልከቱ። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ካለው ክረምቱን አይሻገርም።

እነዚህ ቃላት ለመለኪያም ያገለግላሉ። ቱሉ ዲምቱ አስፋልቱ ዳር ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ጋ ቆሜ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ጥቅምት ሊገባ ሲል ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ስለሚከበር በዚያ ሰሞን ትእዛዝ ይበዛል። ከአንድ ትምህርት ቤት ተደወለለት። «ጋሼ፣ ባለ ሁለት ሜትር ባንዲራ ይስፉልን» አለ ደዋዩ። ሰውየው መቀሱን አስቀመጠና «ሁለት ሜትሩ የቱ ነው ልጄ? ቁመቱ ነው ወይስ ርዝመቱ?» ብሎ ጠየቀ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ባንዲራ ምጥጥን 1 ለ 2 ነው፤ በምሰሶው ወገን አንድ ከሆነ ወደ ነፋሱ ወገን ሁለት ይሆናል። ሁለት ሜትሩ ርዝመቱ ከሆነ ቁመቱ አንድ ሜትር ነው፣ በጠቅላላው 2 ካሬ ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል። ሁለት ሜትሩ ቁመቱ ከሆነ ግን ርዝመቱ አራት ሜትር ይሆናል፣ ጨርቁም 8 ካሬ። አንድ ቃል ባለመነገሩ ብቻ አራት እጥፍ ልዩነት ይመጣል። ለትምህርት ቤት ግቢ ምሰሶ ደግሞ ስምንት ካሬው አይሆንም፤ ነፋስ ሲመጣ ምሰሶውን ራሱን ያጎብጠዋል።

ምጥጥን የሚባለው ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ አገርን ከአገር ይለያል። ኢንዶኔዥያና ሞናኮ ሁለቱም ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ናቸው። የሚለያቸው ቅርጻቸው ነው፤ ኢንዶኔዥያ 2 ለ 3፣ ሞናኮ 4 ለ 5። የስዊዘርላንድና የቫቲካን ባንዲራዎች ትክክለኛ አራት ማዕዘን ናቸው፣ አራቱም ጎናቸው እኩል። ኳታር ደግሞ 11 ለ 28 ነው፤ ከአገራት ባንዲራ ሁሉ ረጅሙ። ኔፓል እንኳን ከእነዚህ ከየትኛውም አይመደብም፤ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ተደራርበው የሠሩት ነው።

እዚያው ልብስ ሰፊው ጋ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ባንዲራ እያንዳንዱ ቀለም 30 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ጀማሪ ሰፊ ሦስቱንም እኩል ቆርጦ ይገጣጥማል። ሲጨርስ ቢጫው ጠቦ ይገኛል። ምክንያቱም አረንጓዴውና ቀዩ ከቢጫው ጋር የሚጋጠሙት በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው፣ ቢጫውን ግን ስፌት ከላይም ከታችም ይበላዋል። የውጪው ጠርዝ እጥፋት ቀጭን ከሆነ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ልምድ ያለው ሰው ለቢጫው ለስፌት የሚተወውን ጨመር አድርጎ ይቆርጣል። ሕጉ ሦስቱ ቀለማት እኩል ይሁኑ ሲል የሚጠይቀው ከስፌት በኋላ የሚታየውን እኩልነት ነው።

አሁን ፊትና ጀርባን እንይ። ኦብቨርስ የሚባለው ፊቱ ነው፤ ምሰሶው በተመልካቹ ግራ በኩል ሆኖ ሲታይ ያለው ገጽ። ሪቨርስ ጀርባው ነው። መጽሐፍ ላይ ወይም ስልክ ላይ የምናየው የባንዲራ ሥዕል ሌላ ነገር ካልተባለ በስተቀር ፊቱ ነው። የእኛ ባንዲራ በዚህ አያስቸግርም። ቀለማቱ አግድም ስለሆኑ፣ ኮከቡም ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ፣ ዓርማው በሁለቱም ገጽ እስካለ ድረስ ከየትም ቢታይ ያው ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ስለ ፊትና ጀርባ ብዙ የማንጨነቀው።

ችግሩ የሚመጣው የሌላ አገር ስንሰቅል ነው። የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ ከተማው በባንዲራ ይሞላል። ማሊን ውሰዱ። ቀለሟ የእኛው ነው፤ ግን ቁሞ የተሰለፈ። ከምሰሶው ጀምሮ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ጊኒ ደግሞ ከምሰሶው ጀምሮ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ናት። የማሊን ባንዲራ ጀርባውን አዙራችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ጊኒ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም 2 ለ 3 ስለሆኑ የሚያስታውቅባችሁ ነገር የለም፤ የማሊ እንግዳ ካልሆነ በቀር። አይቮሪ ኮስትና አየርላንድም እንዲሁ ናቸው። ብርቱካናማው በምሰሶው ወገን ከሆነ አይቮሪ ኮስት፣ አረንጓዴው ከሆነ አየርላንድ። እነሱን ቢያንስ ምጥጥናቸው ይለያቸዋል፤ አየርላንድ እንደኛ 1 ለ 2 ነው። የእኛው ቀለም ዓርማ ሳይኖረው ተገልብጦ ቢሰቀል ደግሞ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሆኖ የቦሊቪያን ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ የሚጠነቀቁት ሳዑዲዎች ይመስሉኛል። ባንዲራቸው ላይ የእምነት ቃል በአረብኛ ተጽፏል። በአንድ ጨርቅ ላይ ታትሞ ቢቀር በጀርባ በኩል ጽሑፉ ተገልብጦ ይነበባል። ስለዚህ ሁለት ጨርቅ ጀርባና ጀርባ ተደርጎ ይሰፋል፣ ከሁለቱም በኩል በትክክል እንዲነበብ። አረብኛ ከቀኝ ስለሚጀምርም ፊቱ የሚባለው ምሰሶው በተመልካቹ ቀኝ ሲሆን ነው። ፓራጓይ ደግሞ ከናካቴው በፊትና በጀርባ የተለያየ ዓርማ ያላት አገር ናት።

ወደ ጨርቁ መሃል ስንገባ ፊልድ፣ ቻርጅ እና ካንቶን ይመጣሉ። ፊልድ መደቡ ነው። «በሰማያዊ መደብ ላይ» ስንል እሱን ማለታችን ነው። ቻርጅ መደቡ ላይ የሚያርፍ ማንኛውም ምስል ነው፤ ኮከብ፣ አንበሳ፣ ጋሻ፣ ዛፍ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ካሉት ሁለት ባንዲራዎች አንዱ የኦሮሚያ ከሆነ መደቡ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው የኦዳ ዛፍ ዓርማ ደግሞ ቻርጁ። ካንቶን የሚባለው ከላይ በምሰሶው ወገን ያለው ጥግ ነው። የላይቤሪያ ኮከብ ያለበት ሰማያዊ ቦታ ካንቶን ነው፣ የቶጎም ኮከብ እንዲሁ ካንቶን ላይ ነው። ይህ ጥግ የክብር ቦታ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን ባንዲራ ታጥፎ ሲንጠለጠል ሌላው ተሸፍኖ እሱ ይታያልና ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ባለ ሦስት ቀለም እና ባለ ሦስት ሰንበር የሚባሉትም አንድ አይደሉም። ናይጄሪያ ሦስት ሰንበር አላት፣ ቀለሟ ግን ሁለት ነው፤ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። የእኛ ሁለቱንም ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ቃል ፊምብሪዬሽን ነው። ሁለት ቀለማት በቀጥታ እንዳይነካኩ በመሃላቸው የሚገባ ቀጭን መስመር ማለት ነው። የኬንያን ባንዲራ አስቡ። ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ ነው ብለን እናልፋለን። በቀዩ ላይና ታች ግን ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉ። እነሱ ቢወጡ ጥቁሩና ቀዩ፣ ቀዩና አረንጓዴው ከሩቅ ተደበላልቀው አንድ ጥቁር ነገር ይመስላሉ። የደቡብ አፍሪካም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ይህ ባንዲራ አረንጓዴውን ከቀዩና ከሰማያዊው በነጭ፣ ከጥቁሩ ደግሞ በቢጫ ይለያል።

ይህ ዘፈቀደ አይደለም። ጋሻ ላይ ይሥሉ የነበሩ ሰዎች ቀለማትን በሁለት ከፍለዋቸው ነበር። ነጭና ቢጫ በአንድ ወገን ናቸው፤ ብርና ወርቅን ስለሚወክሉ ማዕድን ይሏቸዋል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር በሌላ ወገን። ደንቡ አጭር ነው፤ ጠቆር ያለ ከጠቆረ፣ ማዕድንም ከማዕድን ጎን አይቀመጥ። ዓላማው ጦር ሜዳ ላይ ከርቀት ወዳጅን ከጠላት መለየት ነው። በዚህ ዓይን አረንጓዴ ቢጫ ቀይን እዩት። ቢጫው መሃል መግባቱ ሁለቱን ጠቆር ያሉ ቀለማት ይለያቸዋል። አባቶቻችን የአውሮፓን የጋሻ ደንብ ይከተሉ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ከእንጦጦ ጋራ ላይ ሆኖ ሜዳው ውስጥ የተተከለ ባንዲራ ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ከቢጫው አልፎ አረንጓዴውንና ቀዩን የሚነካው ሰማያዊ ክብ ግን ቀጭን መስመር ስለሌለው ከሩቅ ጠርዙ ይጠፋል። ይህ የዓይን ጉዳይ ነው፤ የሚሰፋ ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው፣ ክቡ ላይ የሚመርጠው ሰማያዊ ጠቆር ካለ ጨርሶ አይለይምና።

ዊትኒ ስሚዝም ፊምብሪዬሽን ያለበት ባንዲራ በስሙ አለው። ጉያና እ.ኤ.አ. በ1966 ነጻ ስትወጣ የሰቀለችው ባንዲራ መነሻ ንድፉ የእሱ ነው። ቀዩን ከቢጫው ጥቁር መስመር፣ ቢጫውን ከአረንጓዴው ነጭ መስመር ይለየዋል። የእኛም ሰው በዚህ ሥራ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀውን የአፍሪካ ኅብረት ባንዲራ የነደፈው ትውልደ ኢትዮጵያዊው አርቲስት ያደሳ ቦጂአ ነው።

ባንዲራን ያለ ሥዕል በቃል ብቻ መግለጥ ብሌዘን ይባላል። ከባድ ቢመስልም አንዱን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ባንዲራው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሃል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በመሃሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው፣ ሦስቱም ቀለማት እኩል ሆነው በአግድም እንደሚቀመጡ ይናገራል። ይህ ጥርት ያለ ብሌዘን ነው። ባንዲራችንን አይቶ የማያውቅ ሰው ቀለማቱን ከዚህ ብቻ ተነስቶ ሊያሰናዳ ይችላል። ብሌዘን የማይነግራችሁ ደግሞ አለ፤ አረንጓዴው ምን ያህል ደማቅ ይሁን፣ ርዝመቱ ምን ያህል ይሁን፣ ክቡ ምን ያህል ይስፋ። ለዚያ በቁጥር የተሠራ የሥራ ንድፍ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ አንዱ ሎሚ አረንጓዴ፣ ሌላው ጥድ አረንጓዴ ሆኖ የምናየው ሰፊዎች በቃል የሰሙትን እንጂ ንድፉን ስለማያዩ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ንድፉ በየስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ብዙ ነገር ይስተካከል ነበር።

ምሰሶው ላይ ያሉትን ቶሎ ልለፋቸው። ጫፉ ላይ ያለው ጌጥ፣ ኳስም ይሁን የጦር ጫፍ፣ ፊኒያል ይባላል። መጎተቻው ገመድ ሃሊያርድ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚቆመው ባንዲራ ዙሪያውን የሚንጠለጠለው ወርቃማ ነገር በእኛው ቋንቋ ዘርፍ ነው፤ ውጪ ለሚሰቀል ባንዲራ ግን አይሆንም፣ ዝናብ ሲመታው ይከብዳል።

ለሐዘን ዝቅ ማድረግም የራሱ አሠራር አለው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ማግስት ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታውጆ ነበር። እንደዚያ ባለ ቀን ባንዲራው ከመሬት ተነስቶ እግረ መንገዱን ግማሽ ላይ አይቆምም። መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ በዝግታ ዝቅ ይላል። ማታ ሲወርድም እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው የሚወርደው። ግማሽ ይባላል እንጂ የግድ እኩሌታው ላይ አይደለም። በእንግሊዞች ልማድ ቢያንስ በባንዲራው በራሱ ቁመት ያህል ከጫፉ ዝቅ ማለቱ ይበቃል። በጣም ከወረደ ገመዱ የላላ ነው የሚመስለው። የሳዑዲ ባንዲራ ከላይ ባልኩት ጽሑፍ ምክንያት ለሐዘንም ዝቅ አይልም።

ግድግዳ ላይ ቁልቁል የሚሰቅልም አለ። በብዙ አገር ልማድ ከላይ የነበረው በተመልካቹ ግራ ይሆናል፤ ለእኛ አረንጓዴው በግራ፣ ቀዩ በቀኝ ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ኮከቡ ጫፉን ወደ ጎን አድርጎ ይተኛል። አዳራሽ የሚያስጌጥ ሰው ቦታ ካለው አግድም ቢሰቅለው እመርጣለሁ።

የጥምቀቱ ገመድ ላይ የሚሰለፉት ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች ፔናንት ይባላሉ፣ ገመዱ ሙሉውን ደግሞ በንቲንግ። የመርከቦችም አለ። መርከብ ከኋላዋ የምትሰቅለው የአገሯ ባንዲራ ኤንሳይን ነው። ባሕር ባይኖረንም የኢትዮጵያን ባንዲራ የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች አሉን፤ ወደ ሰው ወደብ ሲገቡም የባለ አገሩን ባንዲራ ለአክብሮት አብረው ይሰቅላሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ማን የትኛውን ይሰቅላል የሚለው ነው። አጥኚዎቹ ለዚህ ስድስት ቤት ያላት ትንሽ ሰንጠረዥ አላቸው። ላይኛው ረድፍ የየብስ፣ ታችኛው የባሕር ነው። ሦስቱ ዓምዶች የሕዝብ፣ የመንግሥትና የጦር ናቸው። ባንዲራው በተፈቀደበት ቤት ውስጥ ነጥብ ይደረጋል። ቦሊቪያ ላይ ዓርማ የሌለው የሕዝብ ነው፣ ዓርማ ያለው የመንግሥት። ጀርመንም ንስር ያለበትን ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብቻ ትሰጣለች፤ ግለሰብ ቤቱ ላይ ቢሰቅለው ቅጣት አለው። በእኛ ሕግ የሕዝብና የመንግሥት ተብሎ የተከፈለ የለም፤ ዓርማ ያለበት አንዱ ባንዲራ ለሁለቱም ነው።